የሰባተኛው ተራ ምሥጢር

እንስሳት ሁሉ መናገር የቻሉበት፣ ማዳመጥን ግን ገና ያልለመዱበት አንድ ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ከአንድ ገደል ሥር አንዲት ምንጭ ትፈልቅ ነበር። ከገደሉ በላይ የምንኖረው የገደል ወገን እንባላለን፤ ከታች የሚኖሩት ደግሞ የረባዳ ወገን ይባላሉ። ምንጯ በክረምት ለሁሉም ትተርፋለች። በጋ ሲገባ ግን ትቀጥንና የአንድ ወገን ጉሮሮ ብቻ የምታርስ ትሆናለች።

በዚች ምንጭ የተነሳ በአባቶቻችን ዘመን ብዙ ቀንድ ተሰብሯል፤ ብዙ ጥርስም ረግፏል። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡና እንዲህ ብለው ቆረጡ፤ «ከእንግዲህ ደም አይፍሰስ። በየዓመቱ በጋ ሲገባ ከየወገኑ አንዳንድ ተጫዋች ይውጣና ሰንጠረዥ ይጫወት። ያሸነፈው ወገን የበጋውን ውሃ ይጠጣ፤ የተሸነፈው ሁለት ቀን ተጉዞ ወደ ቆላው ወንዝ ይውረድ።» ሁላችንም ደስ አለን። ከእኛ ወዲያ ሥልጡን የለም አልን።

ይህን የማወራላችሁ እኔ ሽኮኮ ነኝ። ስሜ ቋጥኜ ይባላል። ሥራዬ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሌላውን ሥራ ማየት ነው። ሽኮኮ ውሃ እምብዛም አይጠማውም፤ ከቅጠል ላይ ጤዛ ልሶ ይውላል። ስለዚህ ወገኔ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም እኔ ከድንጋዬ አልነሳም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ አሁን በማወራላችሁ የጨዋታ ቀን ከሁሉ አብልጠው ከጮሁት አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።

የእኛ አገር ሰንጠረዥ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለውም። ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደቀደመ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ይህ ወረራ ይባላል። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን በየተራ ይጫወታሉ። ሁለተኛው ጠባዩ፣ ተመልካቹ ዝም አይልም። ይመክራል፣ ይሰድባል፣ ይተነትናል። ሰንጠረዥ ዝም ብሎ የሚያይ ሲገኝ ታሟል ወይ ተኝቷል ተብሎ ይነቀነቃል።

በዚያ ዓመት የእኛ ተጫዋች አባ ወስፌ የሚባል ሽማግሌ ጃርት ነበር። መጥፎ ተጫዋች አልነበረም። ጥሩ ነበር ብልም ያጋነንኩ ይሆናል። ከረባዳ ወገን የወጣው አያ ክራንቻ የሚባለው ከርከሮ ነው። አያ ክራንቻ ንግግር አያውቅም፤ ሲያስብ ያጉረመርማል፣ ሲጫወት ያጉረመርማል፣ ሲያሸንፍም ያው ነው።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዳሚት የምትባል ወጣት ድኩላ ግልገሏን እየደገፈች መጣች። ግልገሏ ከተወለደች ስምንት ቀኗ ነበር፤ ጉልበቷ ገና አልጠናም፤ አሥር እርምጃ ተራምዳ አንዴ ትወድቃለች። ከተሸነፍን ሁለት ቀን መንገድ እንደማትችል ለማንም ግልጽ ነው። ዳሚት ወደ ጋሽ ጋማው ተጠጋች። ጋሽ ጋማው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ጋማው ትከሻው ላይ ይወርዳል፤ በሰንጠረዥ ትንታኔ ደግሞ በገደሉ ላይ አቻ የለውም። ራሱ ተጫውቶ ያሸነፈበትን ቀን ግን የሚያስታውስ የለም።

«ጋሼ፣ እናሸንፋለን?» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት ጋማውን እያፍተለተለ። «እኔ እዚህ አለሁ።»

ወረራው ተጀመረ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የጠጠር ድምፅ እንደ በረዶ ወረደ። እኛም በላዩ ላይ ወረድንበት። ጋሽ ጋማው «ሜዳቁን ያስቀደመው ፈረሱን ሊሸሽግ ነው» ይላል። ሜዳቅ የሚባሉት ከፊት የሚሰለፉት ትንንሾቹ ጠጠሮች ናቸው። እኔ ደግሞ «አይደለም፤ ፈረሱን ያሳየው ሜዳቁን ሊሸሽግ ነው» እላለሁ። በዚህ ስንካረር ከርከሮው አንድ ሜዳቅ በላብንና ወረራው አበቃ። ወዲያው «ሆን ብሎ ነው የሰጠው» አልን፤ በዚህ እንኳ ከጋሽ ጋማው ጋር ተስማማን።

ከዚያ በየተራ ሆነ። ስድስት ተራ በደህና ሄደ። ሰባተኛው ላይ አባ ወስፌ አገጩን ይዞ ብዙ ቆየ። እኔ የተቀመጥኩት በጀርባው በኩል ስለነበር የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቁንጫ ወገቡን ነከሰችው። ሊያክ ዞር ሲል የጅራቱ እሾህ ዳር የቆመውን ደር ጠረገና መሀል ሜዳ ወስዶ አቆመው። ደር በቀጥታ የሚሮጠው፣ ከጠጠሮቹ ሁሉ ጉልበተኛው ነው። አሁን የቆመው የከርከሮው ፈረስ አፍ ላይ ነው። ፈረሱ አንዴ ቢዘል ያገኘዋል።

አባ ወስፌ አክኮ ሲመለስ ደሩን አየና ክው አለ። አንድ ነገር ሊናገርም አፉን ከፈተ። ከእሱ በፊት ግን ጋሽ ጋማው «እህህ» አለ። «ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባዎት?» አልነው።

«ዝም በሉ፤ እንዳይሰማ» አለና ከገደሉ እስከ ረባዳው በሚሰማ ድምፅ ያብራራ ጀመር። ደሩ ማባበያ ነው። ፈረሱ ደሩን ለመብላት ከንጉሡ አጠገብ ይነሳል፤ ንጉሡ ባዶውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ አባ ወስፌ ከሦስት ወገን ይገባበታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ እሱ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በልጅነቱ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። ቁንጫዋን አይቻለሁ። እሾሁንም አይቻለሁ። ጋሽ ጋማው ተናግሮ ሲጨርስ ግን ያየሁትን ተጠራጠርኩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሐሳብ ባለበት ቁንጫ ማን ናት አልኩ። ከዚያም ብሶ እኔው ራሴ ተነስቼ «ሦስት ወገን ብቻ አይደለም፤ አራተኛም አለ» አልኩና አራተኛውን አስረዳሁ። ምን እንዳልኩ ብትጠይቁኝ አልደግመውም፤ ያን ጊዜም አልገባኝም ነበር። የሰሙኝ ሁሉ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

አያ ክራንቻ ደሩን አየ፣ ጃርቱን አየ፣ እኛን አየ። ጨዋ ከርከሮ ነው፤ ይህን ጠላትም ቢሆን መካድ የለበትም። «አባ ወስፌ» አለ፤ «አስበውበት ነው? ሳያስቡት ከሆነ ይመልሱት። እኔ ቅር አይለኝም።»

በዚህ ጊዜ የገደሉ ወገን በአንድ አፍ ተንጫጫ። ፈራ አልን። ላብ ላብ ብሎታል አልን። የሚያዋጣው ቢሆን ኖሮ ይመልሱት ይል ነበር ወይ አልን። በዚያ ጫጫታ መሀል የዳሚት ድምፅ ከታች ተሰማ።

«አባቴ፣ ይመልሱት» አለችው። «ያ ፈረስ ይበላዋል እኮ።»

አባ ወስፌ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ እኛን አየን። ዕድሜውን ሙሉ እሾሃሙ ሽማግሌ ከመባል በቀር ሌላ ስም ሰምቶ የማያውቅ ጃርት በዚያ ጠዋት ሊቅ ተብሏል። ይህን መልሶ መስጠት ቀላል አይደለም። እኔ ብሆን እመልሰው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

«አስቤበት ነው» አለ ድምፁን አወፍሮ።

ከርከሮው ሊጫወት አቀረቀረ። የዛፉ ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እስኪሻገር አልተነሳም። ደሩን ለመብላት እግሩን ያነሳል፤ ጋሽ ጋማው «ብላው፣ ብላው» ብሎ ሲስቅ መልሶ ያወርዳል። በመጨረሻ ደሩን ትቶ ከዳር አንድ ሜዳቅ ገፋ። እኛ እልል አልን። ትንታኔያችን ሠርቷል፤ ጠላት በቃላችን ብቻ ታስሯል።

አሁን ስምንተኛው ተራ ነው። አባ ወስፌ ደሩን አንስቶ ወደ ቦታው የመመለስ ዕድል አገኘ። ሊመልሰውም እጁን ዘረጋ። ጋሽ ጋማው ጋማውን ይዞ ጮኸ፤ «ምን ሊያደርጉ ነው? ደሩን ከነኩት እኮ ምሥጢሩ ይወጣል።»

ጃርቱ እጁን ሰበሰበ። እኔ አሁንም አላስቻለኝም፤ «መሀል ያለውን ሜዳቅ ይግፉ፤ ለፈረስዎ በር ይከፍታል» አልኩት። ገፋው። በዕድሜዬ ምክሬን የሰማኝ እሱ ብቻ ነው፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዳሚት ግልገሏን አስተኝታ እስከ ጠፍጣፋው ድንጋይ ድረስ መጣች። «እኔ ሰንጠረዥ አላውቅም» አለች። «ነገር ግን ፈረሱ ወደዚህ ከዘለለ ደሩ አለቀለት። ከተሸነፍን ደግሞ ልጄ ቆላ መውረድ አትችልም። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

የመለስኩላት እኔ ነኝ። «አንቺ የምታይው አንድ እርምጃ ነው» አልኳት። «እኛ አምስት እርምጃ አርቀን ነው የምናየው።»

«እሺ» አለች። «አንዱን ግን አያችሁት?»

ሳቅንባት። እንደዚያ ቀን የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በዘጠነኛው ተራ አያ ክራንቻ ደከመው። «የመጣው ይምጣ» አለና ፈረሱን አንስቶ ደሩን በላ። ያን ጊዜ ጸጥ አልን። ተመልካች ዝም ሲል የታየው በዚያ ጨዋታ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወጥመዱ ሲዘጋ ልናይ እርስ በርሳችን በክርናችን እየተጎሻሸምን ጠበቅን። ጋሽ ጋማው «እንግዲህ ተጀመረ» አለ። አባ ወስፌም ልክ እንደኛ ወጥመዱን ይጠብቅ ነበር። ከሦስት ወገን የሚመጣውን ጦር በዓይኑ ይፈልጋል፤ እኔ ያከልኩለትን አራተኛውንም ፈለገ። የትም የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፌ አይታዘዝልኝም። ስድስት ተራ ሳይሞላ ንጉሣችን መሸሻ አጣ፤ የገደለውም ደር አይደለም፣ ፈረስ አይደለም፣ ከዳር የተገፋችው ያች ሜዳቅ ናት።

አባ ወስፌ ድንጋዩ ላይ እንዳቀረቀረ በቀስታ «ቁንጫ ነክሳኝ ነው» አለ። «ደሩን እሾሄ ነው የጠረገው። እኔ ምንም አላሰብኩም።»

አልተቀበልነውም። «ትሕትናቸው ነው» አለ ጋሽ ጋማው ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐሳብ ለባለቤቱም አይገለጥለትም።»

በሦስት ቀን ውስጥ መውጣት ነበረብን፤ ሦስቱም ቀን ያለቀው በክርክር ነው። አንዳንዶቹ ጨዋታው የተበላሸው ስምንተኛው ላይ ነው አሉ፤ ሰባተኛው እንከን የለውም፤ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ዘጠነኛው ላይ ከርከሮው ደሩን መብላቱ ስህተት ነው፤ ደንቡን የሚያውቅ ተጫዋች ቢሆን አይበላም ነበር አሉ። ነገሩ ከረረና ወገኑ ለሁለት ተከፈለ። ስምንተኞቹ በጠዋት፣ ዘጠነኞቹ በቀትር ተነስተው በየፊናቸው ወደ ቆላ ወረዱ። ውሃ ይዞ የሄደ ግን ከሁለቱም አልነበረም። አባ ወስፌ ከሁለቱም ኋላ ብቻውን ሄደ። እኔ ከዘጠነኞቹ ነኝ፤ ነገር ግን እንዳልኳችሁ ከድንጋዬ አልተነሳሁም።

ዳሚትም ቀረች። ግልገሏን ሁለት ጊዜ ልታስነሳ ሞክራ ሁለቴ ወደቀችባት። በአምስተኛው ቀን ጡቷ መድረቅ ጀመረ። በቀትር ግልገሏን እየገፋች ወደ ምንጯ ወረደች። ምንጯን የሚጠብቀው አያ ክራንቻ ነበር። አሸናፊ አይመስልም፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፈሩን በክራንቻው እየጫረ የሰንጠረዥ ካሬ ይሥላል። እኔ ከላይ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ።

«ጌታዬ፣ ለልጄ አንድ ጉንጭ ውሃ» አለችው።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። የገደል ወገን እስከ ክረምት አይጠጣም» አላት። ዓይኑን ግን ከካሬው አላነሳም። «ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከጃርቱ ጋር ስለኖርሽ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሰባተኛው ላይ ያንን ደር ለምን አወጣው?»

«ቁንጫ ነክሳው ነው።»

ከርከሮው ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ቁንጫ ነክሳው ሲያክ እሾሁ ነካው። ሌላ ነገር የለውም።»

«እኔ የተጫወትኩት ከቁንጫ ጋር ነው?» አለ፤ ጸጉሩ ከጀርባው ላይ ቆመ። «አምስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት ለቁንጫ ነው? ልጆቼን አባታችሁ ማንን አሸነፈ ብለው ሲጠይቋቸው ምን ይበሉ? ሂጂልኝ ከፊቴ።»

ዳሚት ዞረች። ግልገሏ ግን አልዞረችም። አፍንጫዋን ወደ ውሃው አድርጋ በጉልበቷ ተንበርክካ ቀርታለች። ዳሚት እሷን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ከርከሮው ተመለሰች።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ምሥጢሩን አታውጪ ስለተባልኩ ነው የዋሸሁዎት።»

የከርከሮው ጆሮዎች ተነሱ።

«ደሩ ማባበያ ነበር» አለች። «ፈረስዎ ሊበላው ከንጉሥዎ አጠገብ ሲነሳ ከሦስት ወገን ሊገባብዎት አስቦ ነው። አራተኛም ወገን አለ የሚሉ አሉ።» ለካ ያን ቀን የዘባረቅነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ይዛዋለች። የመጨረሻውን ግን ከራሷ ጨመረች፤ «እርስዎ ግን ቀድመው ነቁበት። ለዚህ ነው መጀመሪያ ያልበሉት። ፈረስዎን ያነሱት ወጥመዱን ካከሸፉ በኋላ ነው።»

ከርከሮው ዓይኑን ጨፈነ። ክራንቻው ሥር ፈገግታ የመሰለ ነገር አየሁ። «ነቅቼበት ነበር» አለ ለራሱ። «ማንም አላወቀልኝም እንጂ ነቅቼበት ነበር።» ከዚያ ከምንጯ አፍ ፈቀቅ አለላት። «ትጠጣ። አንቺም ጠጪ። ነገ ደግሞ ስምንተኛውን ትነግሪኛለሽ።»

በማግስቱ መጥታ ስምንተኛውን ነገረችው። ከርከሮው ሰምቶ፣ ጠግቦ፣ እያጉረመረመ ወደ ጭቃው ሄደ። እኔ ግን ድንጋዬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ስምንተኛው የእኔ ነው። ያንን ሜዳቅ ያስገፋሁት እኔ ነኝ፤ በር ይከፍታል ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ንጉሡን ሊከልል ነው ብላ ነገረችው። ይባስ ብላ የጋሽ ጋማው ሐሳብ ነው አለችው።

ያን ዕለት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድንጋዬ ወርጄ እስከ ምንጯ ሄድኩ። ጠምቶኝ አይደለም። አዝኜላትም ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስነግራችሁ አንገቴን ባልደፋሁ ነበር።

«ዳሚት፣ ስምንተኛውን ተሳስተሻል» አልኳት። «ሜዳቁ የተገፋው ለፈረሱ በር ሊከፍት ነው እንጂ ንጉሡን ሊከልል አይደለም። ሐሳቡም የእኔ ነው። ነገ ከርከሮው ፊት አርሚው። ካላረምሽው እኔው መጥቼ አርመዋለሁ።»

ዳሚት ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ግልገሏ አፏን ውሃው ውስጥ ነክራ ትስባለች፤ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

«ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «እባክዎን፣ ልጄ ጠጥታ እስክትጠግብ ድረስ ልክ እኔ ልሁን።»